«በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አድርገሽ ነው?» ለምትሉን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ትምህርት ለምታዘጋጁ ኃላፊዎች፣ ለእርግዝና ክትትል ባለሙያዎች፣ የሚጥል በሽታንና የአእምሮ ሕመምን ለምታክሙ ሐኪሞች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ 23 እናቶች ነን። ሁላችንም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አሉን። በወር አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። ከልጆቹ ከፊሎቹ ይሮጣሉ፤ ከፊሎቹ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። እኛ እናወራለን። እኔ የቡድኑ ጸሐፊ ነኝ። የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ በራሪ ወረቀት ነው። ባለፈው መጋቢት፣ የዓለም የኦቲዝም ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ አንድ የጤና ተቋም በር ላይ ሲታደል አንዷ አባላችን ተቀብላ አመጣችው። ከላይ የነፍሰ ጡር ሴት ሥዕል አለው። ከሥሩ «እናት በእርግዝናዋ ከተጠነቀቀች ልጇ ከኦቲዝም ይድናል» ይላል። ቀጥሎ ምክሮች ተደርድረዋል። አትጨነቂ። ከባለቤትሽ ጋር አትጣዪ። ስልክ አታብዢ። ማንኛውንም መድኃኒት አትውሰጂ።

ወረቀቱን ያሳተመውን ተቋም ስም አናነሳም። እንዲታረም እንጂ ማንም እንዲያፍር አልፈለግንም። ደግሞም ሐሳቡ የአንድ ተቋም ብቻ አይደለም። በየምርመራ ክፍሉ ሰምተነዋል።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ባሏ የሞተው የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ልጇ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። «እንግዲህ እኔ ነኝ ያደረግሁት ማለት ነው» አለች።

እንዲህ ያለ ወረቀት ከማሳተም በፊት ለእሷ የሚሆን መልስ መፈለግ ይገባ ነበር። መልሱ አለ። ዴንማርክ ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ተጠንተዋል። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የቅርብ ሰው ሞቶባቸው ያዘኑ ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የኦቲዝም ቁጥራቸው አልጨመረም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይህን እኛው ፈልገን አግኝተን ነገርናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን ማንም አልነገራትም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ያቺ ጥያቄ ናት።

ልጄ ሦስት ዓመት ሲሆነው ስሙን ስጠራው አይዞርም ነበር። ጆሮው መስሎኝ አስመረመርኩት። ጆሮው ደህና ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንመላለስ ከርመን አንድ ባለሙያ ዘንድ ደረስን። «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ። ማሰብ ጀመርኩ። ታክሲ ተጋፍቻለሁ። የሽሮ ሽታ አስጠልቶኝ ሁለት ወር በደንብ አልበላሁም። ከአማቴ ጋር ተቀያይሜ ነበር። አንዴ ደረጃ ላይ ተንሸራትቻለሁ። ሁሉንም ነገርኩት። እየነቀነቀ ጻፈ። ከዚያ ስለተናገርኩት አንድም ቃል ሳይመልስልኝ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። እኔ ያን ዝርዝር አራት ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

ሐኪም የእርግዝና ታሪክ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህን እናውቃለን። ያለ ጊዜ መወለድ፣ ምጥ ላይ መታፈን፣ የእናት ስኳር፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እነዚህ ሁሉ ለልጅ ክትትል የሚጠቅሙ መረጃዎች ናቸው። ያሳዘነን አጠያየቁ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ። «ይህን የምጠይቅሽ ለልጁ ክትትል እንዲረዳኝ ነው፤ ከነገርሽኝ ውስጥ ኦቲዝም ያመጣበት ነገር የለም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እናትን መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። በ1949 ደግሞ ወላጆቻቸውን ስሜት አልባና ቀዝቃዛ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ «የፍሪጅ እናት» የሚል ስም ወጣልን። ልጇን ያልወደደች እናት ልጇን ኦቲስቲክ ታደርጋለች ተባለ። በዚህ ሰበብ ልጆች ከእናታቸው ተነጥለው ተቋም ገብተዋል። ይህን ክስ ተቃውመው በጽሑፍ ከተሟገቱት ቀዳሚው በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የኦቲስቲክ ልጅም አባት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ረተር እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንታዎችን አጠኑ። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው። ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ኦቲስቲክ የሆኑበት አንድም አልነበረም። ሁሉም መንታ በአንድ ማህፀን ነው ያደረው፤ ያው እናት፣ ያው ጭንቀት፣ ያው ምግብ። የሚለያየው የዘረመል (የጂን) ነገር ነው፤ ፍጹም ተመሳሳዮቹ አንድ ዓይነት ዘረመል ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ በከፊል ብቻ ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተጠንተው፣ በሰዎች መካከል ያለው የኦቲዝም ልዩነት 80 በመቶ ገደማ ከዘረመል እንደሚመጣ ታየ።

እዚህ አገር ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እናት ሆነው በአደባባይ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ ልጆቻችንን ደብቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ቡዳ፣ እርግማን፣ ምች የሚለው ከጎረቤት መምጣቱ አይገርመንም። ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ሲመጣ ግን ያማል።

ሌላም ነገር ታዝበናል። ከ23ታችን 19ኛችን ያቺን ጥያቄ ወይም መሰሏን ሰምተናል። ከባሎቻችን ግን አንድም የተጠየቀ የለም። የአባት ዕድሜ እንኳ አልተጠየቀም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 አይስላንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ አባት በዕድሜ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ወደ ልጁ የሚያልፉ አዳዲስ የዘረመል ለውጦች በሁለት ገደማ እንደሚጨምሩ ታውቋል። ይህን የምንለው አባቶችን ለመክሰስ አይደለም። አብዛኞቹ ለውጦች ምንም አያደርጉም፤ በዕድሜ የገፉ አባቶች ከሚወልዷቸው ልጆችም አብዛኞቹ ኦቲዝም የለባቸውም። ስትጠይቁ ሁለቱንም ወላጅ ጠይቁ ለማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ «ዘር» ነው።

በእኛ ቋንቋ ዘር ከባድ ቃል ነው። ሰው ልጁን ሲድር ሰባት ቤት ይቆጥራል። ለምጽ አለባቸው? የሚጥል በሽታ አለባቸው? ያበደ አለ? ይጠየቃል። ይህን እያወቃችሁ «በዘር የሚመጣ ነው» ብላችሁ ኮሪደር ላይ፣ ዘመድ በቆመበት ትናገራላችሁ። አንዷ አባላችን ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ታላቋ ልጇ ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀን ሊቆረጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የታናሽ ወንድሟን ምርመራ ውጤት አብራ የሰማች ዘመድ ወሬውን አዛመተችው። የወንዱ ቤተሰብ «ዘራቸው ውስጥ አለ» ብሎ ቀረ። ልጅቷ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ወንድሟን በጣም ትወደዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ውጭ ይዛው መውጣት ትታለች።

ባለሙያው የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ሙሉው ሲነገር ሌላ መልክ አለው።

ከኦቲዝም ጋር የሚያያዘው ዘረመል አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ብቻ 102 ለይቷል። ከእውነታ ለሚያርቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ለስኪዞፍሬኒያ፣ በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። የዘረመሉን ድርሻ አብዛኛውን የሚይዙት ግን እያንዳንዳቸው በጣም ትንሽ ክብደት ያላቸው፣ በሁላችንም ውስጥ የተበተኑ ልዩነቶች ናቸው። እኔ ጋ አሉ። ያን ወሬ ያዛመተችው ሴት ጋም አሉ። ከኦቲዝም፣ ከስኪዞፍሬኒያ፣ ከባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከሚወጣበትና ከሚወርድበት ሕመም) እና ከድብርት ጋር የሚያያዙት ልዩነቶች በከፊል የጋራ ናቸው። ስለዚህ «ንጹሕ ዘር» የሚባል ቤት የለም። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም፤ ልጁ ሲፀነስ አዲስ የተፈጠረ ነው። ሰባት ቤት ብትቆጥሩ አታገኙትም። አንድ ዓይነት ለውጥም ሁሉንም ሰው አንድ ቦታ አያደርስም። ሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ቁራጭ የጎደላቸው ሰዎች አሉ። አንዱ ልቡ ላይ ችግር ይኖረዋል፣ ሌላው ኦቲዝም፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ካደገ በኋላ የስኪዞፍሬኒያ ዓይነት ሕመም ይይዘዋል። ምልክቱ ስለሌለበት ሳያውቀው የሚኖርም አለ።

ይህን ሳስብ ሾተላይ ይታወሰኛል። አያቶቻችን ልጅ በላይ በላዩ ሲሞትባቸው «ሾተላይ አለባት» ይባሉ ነበር። ሴትየዋ ትፈራ ነበር። ባልም ይፈታት ነበር። ዛሬ እናንተው ሾተላይ የምትሉት የደም አለመጣጣምን ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ይከሰታል። ፖዘቲቩ የመጣው ከአባት ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። መርፌም አለው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሚገባ አማርኛ ስላስረዳን ዛሬ ሾተላይ ያለባትን ሴት ማንም አይፈራም። ስለ ኦቲዝምና ስለ አእምሮ ሕመምም የምንለምነው እንዲህ ያለ ማስረዳት ነው።

«ሌላ ልጅ ብወልድስ?» ብለን ስንጠይቅም የምናገኘው መልስ እንደ ሰው ይለያያል። አንዷን «ሁለተኛ እንዳትወልጂ» ብለዋታል፤ ማህፀኗን ልታስቋጥር ቀጠሮ ይዛ ነበር። ሌላዋን «አይደገምም፣ አይዞሽ» ብለዋታል፤ ደግማ ወልዳ ሁለተኛውም ኦቲስቲክ ሆነ። ሁለቱም መልስ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ታናናሽ ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው አንድ ኦቲስቲክ ታላቅ ካለ ታናሹ ኦቲዝም የሚኖረው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ላይ ነው። ኦቲስቲክ የሆኑ ታላላቆቹ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ወደ 37 በመቶ ይጠጋል። ቁጥሩን ስጡን፤ መውለድና አለመውለድ የእኛና የባሎቻችን ነገር ነው። ደግሞም እባካችሁ ቁጥሩን ስትነግሩን ልጆቻችንን እንደ መቅሰፍት አድርጋችሁ አትናገሩ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማችኋል። መናገር ቢያስቸግረውም ይሰማል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ከሁሉም የከበደው ነው። የሌለብንን ጥፋት እየጠየቃችሁን፣ ያለውን አደጋ ግን ሳትነግሩን ቀራችሁ። የምናወራው ቫልፕሮኤት ስለሚባለው መድኃኒት ነው።

ቫልፕሮኤት ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር ይታዘዛል። ጥሩ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው በእሱ ቆሞ ይሄዳል። ነገር ግን እናት በእርግዝና ስትወስደው ፅንስን ይጎዳል። ይህ ግምት አይደለም። መድኃኒቱን በሚወስዱ እናቶች ከተፀነሱ 100 ልጆች 10 ያህሉ ከነአካላዊ ጉድለት ይወለዳሉ። የአከርካሪ በደንብ አለመዘጋት (ስፓይና ባይፊዳ) አንዱ ነው። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በዕድገታቸው ላይ ችግር ይታይባቸዋል፤ ዘግይቶ መናገር፣ ዘግይቶ መሄድ፣ የትምህርት ችግር። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2006 የተወለዱ ከ655 ሺህ በላይ ልጆች ተጠንተው ነበር። በጠቅላላው የኦቲዝም ድርሻ 1.53 በመቶ ነው። በማህፀን ሳሉ ቫልፕሮኤት ያገኛቸው ልጆች ላይ 4.42 በመቶ ሆነ። መጠኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል።

አንዷ አባላችን የሚጥል በሽታ የጀመራት በ14 ዓመቷ ነው። ቫልፕሮኤት ታዘዘላት፤ መጣሉ ቆመ። ትምህርቷን ጨረሰች። አገባች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ለመውሰድ ተመላልሳለች። ማግባቷን ነግራቸዋለች፤ «እንኳን ደስ አለሽ» አሏት። ልጅ እንደምትፈልግ ነግራቸዋለች፤ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት። ካርዷ ላይ ስለ መድኃኒቱና ስለ እርግዝና የተጻፈ ነገር የለም። ሴት ልጇ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። የልጅቷን ኦቲዝም ያመጣው መድኃኒቱ ነው አንልም። በአንድ ልጅ ላይ እንዲህ ብሎ መቁረጥ አይቻልም። የምንለው አልተነገራትም ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቷ ልጅ ያንኑ መድኃኒት ልትጀምር ስትል አደጋው አንድ በአንድ ተነግሯት፣ በየዓመቱ ፎርም እየፈረመች፣ እርግዝና መከላከያ መያዟ እየተጠየቀ ነው የምትወስደው። አባላችን ይህን የሰማችው በስልክ ወሬ መሃል ነው። ያኔ ልጇ ሦስት ዓመት ሆኗታል።

በእንግሊዝ ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜው ከ55 በታች ለሆነ ሰው ሁለት ስፔሻሊስቶች ካልተስማሙ በቀር ቫልፕሮኤት እንደ አዲስ አይጀመርም። ፈረንሳይ ውስጥ ማሪን ማርቲን የተባለች እናት ሁለት ልጆቿ ከተጎዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የወላጆች ማኅበር አቋቁማ መንግሥትንም አምራቹንም ሞገተች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ቫልፕሮኤት መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ መክሯል። የሚሻሉ አማራጮች አሉ፤ ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም። መድኃኒት ቤት ገብተን ስንጠይቅ ግን አንዳንዴ የሉም፣ አንዳንዴ ዋጋቸው አይቀመስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ማስጠንቀቂያው በእርግዝና ክትትል ክፍል ቢሰጥ አይረባም። የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ሴትየዋ ወር አበባዬ ዘገየ ብላ ገና እያሰበች ነው። ይህ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድም ቢሆን ከአይረን ጋር ተደርጎ የሚሰጠን ካርድ ስናወጣ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ አርፍዷል። ስለዚህ መናገር ያለበት የሚጥል በሽታ ክፍሉ ነው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነው። ልጅቷ 14 ዓመቷ ሳለ፣ መድኃኒቱ ሲጀመር።

ይህን ለምታነብ እህታችንም አንድ ቃል እንናገር። ቫልፕሮኤት የምትወስጂ ከሆነ በራስሽ እንዳታቆሚ። ሐኪምሽን አማክሪ። «ማንኛውንም መድኃኒት አትውሰጂ» የሚለው የወረቀቱ ምክር አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። የአንዷ አባላችን ጎረቤት ነፍሰ ጡር ስትሆን ፈርታ መድኃኒቷን በድንገት አቋረጠች። እንጀራ ስትጋግር ጣላት። ምድጃው ላይ ወደቀች። ሰዎች ክብሪት ጭረው ሲያሸቷት እጇ እሳት ላይ ነበር። ሁለት ጣቶቿን አጥታለች። ለባይፖላርና ለድብርት መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ናት። በድንገት ብታቆም ሕመሙ ይመለሳል፤ የእሷም የልጇም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ፓራሲታሞል ነው። ባለፈው መስከረም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በእርግዝና ጊዜ የሚወሰድ ፓራሲታሞልን ከኦቲዝም ጋር አያይዘው ተናገሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ሞላ። የዓለም ጤና ድርጅት ወዲያው ወጥነት ያለው ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። እዚህ ግን አዘውትረን የምናያቸው ባለሙያዎች ዝም አሉ። የአንዷ እህት ቆላ አገር ናት፤ በወባ ስትቃጠል ፓራሲታሞል አልወስድም ብላ ሁለት ቀን ቆየች። በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ጎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የስዊድን ጥናት 2.5 ሚሊዮን ገደማ ልጆችን ይዟል። በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ልዩነት ያለ ይመስላል። ከዚያ ወንድምና እህትን አነጻጸሩ፤ እናት በአንዱ እርግዝና ፓራሲታሞል ወስዳ በሌላው ያልወሰደችባቸውን። ልዩነቱ ጠፋ። ያው እናት፣ በከፊል የጋራ የሆነ ዘረመል፤ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ አልነበረም ማለት ነው። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወሬውን የጀመረው ጽሑፍ 12 ልጆች ላይ የቆመ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ወሬው ግን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያሉ የሶማሌ ቤተሰቦች ዘንድ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2017 ኩፍኝ ብዙ ልጆችን አሳመመ። ከጎረቤቶቻችን ለመማር ተራችንን መጠበቅ የለብንም።

ወረቀቱ ሊለው ሲገባ የተወውን ነገርም እናንሳ። ሩቤላ የሚባለው ተላላፊ በሽታ እናትን በእርግዝና መጀመሪያ ሲይዛት ልጅን ያሳውራል፣ ያደነቁራል፣ ኦቲዝምም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ ከተከሰተው ወረርሽኝ በኋላ ከተመረመሩ 243 ልጆች 18ቱ ላይ የኦቲዝም ምልክት ተገኝቷል። ይህን የሚከላከለው ክትባት ነው። አዮዲን ያለበት ጨውም ለፅንስ አንጎል ያስፈልጋል። ረሃብም አለ። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የጦርነት ረሃብ የተፀነሱ፣ ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ የተወለዱ ልጆች፣ ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከሌላው ጊዜ በእጥፍ ገደማ ነው። በዚህ አገር ረሃብንና መፈናቀልን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሯ ተርባ ሳለች «አትጨነቂ» የሚል ወረቀት ምን ይረዳታል? ቀድሞ መድረስ ያለበት እህሉ ነው።

አንድ አጭር ነገር ስለ ምርምርም። በዓለም ላይ የተሰበሰበው የአእምሮ ሕመም የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ነው። ስለዚህ ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የሚባለው ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ማካተቱ ደስ ይለናል። ቡታጅራ ላይም ለብዙ ዓመታት ስለ አእምሮ ሕመም የተሠራው ሥራ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ምራቃቸውንና ታሪካቸውን የሰጡ ቤተሰቦች ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ሊሰሙ ይገባል። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ወጥቶ መቅረት የለበትም።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ያ በራሪ ወረቀት ከየበሩ ይነሳ። ሌላ ሲዘጋጅ ከመታተሙ በፊት ወላጆች ይዩት። እኛ በነፃ እናነብላችኋለን።

ቫልፕሮኤት ለልጃገረድና መውለድ ለምትችል ሴት ከመታዘዙ በፊት አደጋው በቋንቋዋ ይነገራት፤ መነገሩም ካርዷ ላይ ይጻፍ። አሁን የሚወስዱት ሁሉ ተጠርተው ይነገራቸው። ካርቶኑ ላይ ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ የምትረዳው ምልክት ይለጠፍ፤ የነፍሰ ጡር ሥዕል ያለበት ምልክት በሌሎች አገሮች አለ። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም በመንግሥት መድኃኒት ቤቶች በሚቻል ዋጋ ይቅረቡ። አደጋውን ብቻ ነግሮ አማራጭ አለመስጠት ሴትየዋን ከሁለት እሳት መሃል መተው ነው።

ሴቶቹ ፎሊክ አሲድን ከመፀነሳቸው በፊት የሚያገኙበት መንገድ ይዘጋጅ።

የምርመራ ውጤት በር ተዘግቶ ይነገር። ስለ ዘረመል የሚያስረዳ፣ ለዚህ የሠለጠነ ሰው በየትልልቁ ሆስፒታል ቢያንስ አንድ ይኑር። «ሌላ ብወልድስ?» ለምትል እናት መልሱ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን።

እንደ ፓራሲታሞል ያለ ወሬ ሲነሳ በሁለት ቀን ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ መልስ ስጡ።

ያቺን ጥያቄ ደግሞ ቀይሯት። «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አድርገሽ ነው?» ከማለት «እርግዝናሽ እንዴት ነበር? መድኃኒት የምትወስጂበት ሕመም ነበረሽ?» በሉን። አባትየውም አጠገባችን ካለ እሱንም ጠይቁት።

መልሳችሁን እስከ ሰኔ መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከእናንተ መካከል ቅዳሜ መጥቶ ሊያነጋግረን የሚፈልግ ካለ በደስታ እንቀበለዋለን። ባሏን በእርግዝናዋ ያጣችው እህታችንም ትገኛለች፤ የምትጠይቃችሁ ነገር አላት።

ከአክብሮት ጋር፣

የኦቲስቲክ ልጆች እናቶች ቡድን ጸሐፊ፣ በ23 እናቶች ስም
አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.